አንድ ኩባያ ዱቄት 240 ግራም አይደለም

ሦስት ቀን፣ ሦስት ዳቦ፣ ሦስቱም ድንጋይ። የተከተልሁት የአሜሪካ አሠራር 4 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ1 ተኩል ኩባያ ውኃ ይላል። እኔ ያለኝ ዲጂታል ሚዛን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ኩባያው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ 240 ግራም ነው ብዬ 960 ግራም ዱቄት መዘንሁ። ሊጡ አልላወስ አለ። ይህ ስሌት ለውኃ እንጂ ለዱቄት አይሆንም፤ ዱቄት በመካከሉ አየር ስላለው ከውኃ ይቀልላል። በማግስቱ ውኃ በግምት ብጨምርበት ላዩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የመስፈሪያ ኩባያ ገዝቼ ከከረጢቱ እየዛቅሁ ሰፈርሁ። አሁንም ደረቀ።

ያኔ ነው የዛቅሁትን ኩባያ ሚዛን ላይ ያስቀመጥሁት፦ 150 ግራም! ለካ ስዝቅ እየጠቀጠቅሁት ነበር። ባዶውን ኩባያ ሚዛን ላይ አድርጌ ወደ ዜሮ መለስሁት፤ ዱቄቱን በማንኪያ አናፍሼ፣ ሳልጫን ሞላሁና አፉን በቢላዋ ጀርባ አስተካከልሁ። 124 ግራም ሆነ። ከዚያ በኋላ ኩባያውን ትቼ 500 ግራም ዱቄት በ355 ግራም ውኃ አቦካሁ። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ የሚጣበቅ፣ ለስላሳ ሆነ፤ የተጋገረው ዳቦም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል።

ለሌሎቹ በዚያው ኩባያ ልክ ስኳር 200፣ ቅቤ 227፣ ማር 340 ግራም ገደማ ነው። የጤፍ ዱቄት ግን እንደ አፈጫጨቱ ስለሚለያይ የራሴን ሦስት ጊዜ መዝኜ መካከለኛውን ቁጥር የዱቄቱ ዕቃ ክዳን ላይ ጽፌዋለሁ።