በራችሁን ሳትከፍቱ መታወቅ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከከተማው ሌላ ጫፍ ድረስ መጣችብኝ። ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። "አክስቴ፣ አንድ ሺህ ተከታይ ቶሎ እንዴት ይገኛል?" አለችኝ። ቲክቶክ ላይ ላይቭ መግባት ትፈልጋለች። ገና 17 ዓመቷ ነው። ለላይቭ 18 መሙላት እንዳለባት ስነግራት ፊቷ ተቀየረ። "እስከዚያ ቪዲዮ መልቀቅ ትችያለሽ፤ ነይ ላሳይሽ" አልኳት። ያን ቀን ያሳየኋትን ነው እዚህ የምጽፈው። እንደሷ ቪዲዮ ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

የእኔ ቪዲዮ የቡና ነው። እቆላለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ አፈላለሁ። የጅማ ቡና፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። አንድ የክረምት ቪዲዮ ሳላስበው ሄደልኝ። ጥቂት መቶ የነበረው ተከታይ በሁለት ወር አርባ ሺህ አለፈ። በጣም ደስ አለኝ። ሌሊት እየተነሳሁ ኮሜንት አነብ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ከጅማ መርካቶ ስመለስ የማላውቀው ሰው ግቢያችን ውስጥ ቡና ይጠጣል። በቪዲዮ የምቀመጥባት በርጩማ ላይ ነው የተቀመጠው። ሙዝ ይዞ መጥቷል። እናቴን በስሟ ጠርቶ፣ ጤናዋን ጠይቆ ነው የገባው። እሷ ደግሞ የእኔ ወዳጅ መሰላት። እንግዳ ነው፤ ምን ታድርግ?

ሰውየው ክፉ ቃል አልወጣውም። እንዴት እንዳገኘኝ ግን በኩራት አጫወተኝ። ከአጥራችን በላይ የጅሬን ኮረብታ ይታያል፤ የከተማውን አቅጣጫ ከዚያ ያዘ። ከአዛኑና ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ የትኛው እንደሚቀርብ አዳመጠ። በራችን ላይ የቆመ ባጃጅ የጎን ቁጥር አነበበ። ባጃጁን ፈልጎ አገኘና ሹፌሩን "ቡና የምታፈላዋ ልጅ" ብሎ ጠየቀው። ሹፌሩም በር ድረስ አደረሰው። የእናቴን ስምና የጤናዋን ነገር ግን ማንም አልሰለለም። እኔው ነኝ ላይቭ ላይ የተናገርኩት።

ጎረቤት ጠርቼ በሰላም ሸኘነው። እናቴ ግን ለሳምንታት በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ታዋቂ ለመሆን የፈለግኩት እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት

ወረቀት አውጡ። ፈጽሞ የማይወጣውን ነገር ጻፉ። የእኔ ወረቀት ላይ የእናቴ ፊትና ጤና፣ የግቢያችን በር፣ መንገዱ፣ ከቤት የምወጣበት ሰዓት፣ የምጸልይበት ቦታ፣ ገንዘብ አለ። ይህን ዛሬ፣ አሥር ሰው በሚያያችሁ ጊዜ ጻፉት። አርባ ሺህ ሰው "እስቲ እናትሽን አሳዪን" ሲላችሁ ለማሰብ ጊዜ የላችሁም። እሺ ትላላችሁ። እኔ ብያለሁ።

ወረቀቱን ለቤተሰብ አንብቡላቸው። እናቴ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችና "ልብሴ የተሰጣበትም አይውጣ" አለች። እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ጨመርኩት።

አንድ ጥግ ምረጡ

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ቤታችሁን እየዞራችሁ አትቅረጹ። አንድ ግድግዳ ምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ቅረጹ። እኔ ከጓዳ አጠገብ ያለችውን ጥግ ያዝኩ። ግድግዳው ላይ ጥለት የሌለው ጨርቅ ሰቀልኩ። ረከቦቱ፣ ብረት ምጣዱ፣ ሙቀጫው፣ ጀበናው እዚያ ነው። መስኮት አይገባም። ሰው የሚያየው ቡናውንና እጄን ነው፤ የሚወደውም እሱን ነው። ተከታይ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልቀነሰም።

ጥጉን ከመረጣችሁ በኋላ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ ተመልከቱ። የመብራት ምሰሶ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የተሰቀለ ዩኒፎርም፣ የመድኃኒት ከረጢት። ለእህቴ ልጅ ሁለት የድሮ ቪዲዮዎቼን ሰጠኋትና "ቤቴን የማታውቂ ሆነሽ ፈልጊ" አልኳት። አሥር ደቂቃ አልሞላትም። ከኋላዬ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አገኘች። ያሳተመው ሱቅ ስምና ስልክ በትልቁ ተጽፎበታል። ሱቁ ከእኛ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁትም። ስለዚህ ለራሳችሁ ዓይን ብቻ አትተዉት፤ ሌላ ሰው ይይላችሁ።

የሚያንጸባርቅ ነገርንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃፓን ውስጥ አንድ ሰው የአንዲትን ወጣት ዘፋኝ ቤት ያገኘው ራሷ ካነሳችው ፎቶ ነው። ዓይኗ ውስጥ የባቡር ጣቢያው ምስል ይታይ ነበር። ያንን አጉልቶ፣ ከኢንተርኔት የመንገድ ምስል ጋር አመሳስሎ ጣቢያውን ለየ። እዚያ ጠብቆ ተከተላትና ጥቃት አደረሰባት። ይህን ካነበብኩ በኋላ የብፌውን መስታወት በጨርቅ ሸፈንኩ። የሚያብረቀርቀውን ማንቆርቆሪያም ከቀረጻው አወጣሁት። ጀበና ሸክላ ነው፤ እሱ አያስቸግርም።

ድምፅ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ቪዲዮውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ጊዜ ስሙት። አዛን፣ ደወል፣ የትምህርት ቤት ጩኸት፣ እናት ከጓዳ በስም ስትጣራ። እኔ አሁን የቪዲዮውን የራሱን ድምፅ አጠፋለሁ። የመቁላቱን ጫጫታና የዘነዘናውን ምት ስልኩን አስጠግቼ ለብቻው ቀርጬ እደርብበታለሁ። እንዲያውም ያምራል። ሰዎች "ድምፁ ቡና ቡና ይሸታል" ብለው ጽፈውልኛል።

መቼ ይለቀቅ?

የዛሬን ዛሬ አትልቀቁ። እኔ ቢያንስ ሳምንት አቆየዋለሁ። አሜሪካዊቷን ዝነኛ ኪም ካርዳሺያንን ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ፓሪስ ባረፈችበት ቤት ሌቦች ሌሊት ገብተው፣ አስረው፣ በሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት ጌጥ ወሰዱባት። ጌጡንም፣ ፓሪስ መሆኗንም በዚያው ሰሞን ራሷ ስትለጥፍ ነበር። ጠባቂ ያላት ሰው ናት። እናንተ ሠርግ ሄዳችሁ ከሠርጉ ላይ ስትለቁ ቤታችሁ ባዶ መሆኑን እየነገራችሁ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ልቀቁት።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሥራ

ለቪዲዮ ሥራችሁ ሌላ ሲም ያዙ። እኔ የቡና ትዕዛዝ ለመቀበል የራሴን ቁጥር ለጥፌ ነበር። አንዱ ገንዘብ የሚልክ አስመስሎ ቁጥሩን ሲያስገባ ስሜ ከነአባቴ ወጣለት። ከዚያ ኮሜንት ላይ ለጠፈው። አዲሱንም ሲም ቢሆን እዩት ብላችሁ አትለጥፉት፤ በኢንቦክስ ለታመነ ደንበኛ ስጡ።

ቴሌግራም ላይ ፕራይቨሲ የሚለውን ክፈቱ። ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ ሲጠይቃችሁ "ማንም" በሉት። በቁጥራችሁ ማን ሊያገኛችሁ እንደሚችል ሲጠይቅ ደግሞ የምታውቋቸው ብቻ ይሁኑ። ቲክቶክ ስልካችሁ ውስጥ ያሉ ቁጥሮችን እንዲያይ ፈቅዳችሁ ከሆነ አጥፉት። አለበለዚያ የድሮ ጓደኛም፣ የድሮ ባልም አካውንታችሁ ይጠቆምለታል። በሁሉም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርድ አድርጉ። የካሜራውን ሎኬሽን አጥፉ። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል ስትልኩ የተነሳበት ቦታ አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ላኩት።

አሁን ለአማርኛ ጸሐፊ በተለይ የሚሆን ነገር አለ። ቲክቶክ የማትፈልጓቸው ቃላት ያሉበትን ኮሜንት እንዲሰውር ማዘዝ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ስድብ ያስገባበታል። እናንተ የሰፈራችሁን ስም፣ የአባታችሁን ስም፣ የእናታችሁን ስም፣ የስልካችሁን የመጨረሻ ቁጥሮች አስገቡበት። አንድ የክፍል ጓደኛ በቅንነት "የሔርማታዋ ልጅ!" ብሎ ቢጽፍ ለሌላው አይታይም። ግን ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ። ሔርማታም፣ ሄርማታም፣ ኄርማታም አለ። በላቲን ፊደል የሚጽፍም አለ፤ እሱንም በየዓይነቱ። እኔ ለአንድ ሰፈር ስም ብቻ ዘጠኝ አጻጻፍ አስገብቻለሁ። ለምሳሌ ያነሳሁት ሰፈር የእኔ አይደለም፤ የእኔን እዚህም አልጽፈውም።

ሰፈሩን አነጋግሩ

ይህን ማንም ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ እኛ አገር ግን ከሴቲንጉ ይበልጣል። ጅማ ውስጥ ቤት በቁጥር አይፈለግም። ሰው ይጠየቃል። የተጠየቀው ደግሞ ሥራውን ትቶ፣ መንገድ መርቶ ያደርሳል። ደግነት ነው፤ ያደግንበት ነው። ያ ባጃጅ ሹፌር ምንም አላጠፋም። እንግዳ አደረሰ።

ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ባጃጆቹ የሚቆሙበት ሄድኩ። ለሱቁም፣ ለጀበና ቡናዋ ሴትም፣ ለወፍጮ ቤቱም ነገርኩ። "እኔን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ካለ መንገድ አታሳዩት፤ ስሙን ጠይቁና ለእኔ ደውሉ" አልኳቸው። አፍሬ ነበር። ማን ነኝ ብላ ነው ይሉኛል ብዬ። ማንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ሁለቱንም አላውቃቸውም ነበር፤ ሁለቱም ተመልሰው ሄዱ።

ጎረቤትም አለች። ለአሥራ አንድ ዓመት ከእኛ ቡና ጠጥታለች። ቪዲዮ ከጀመርኩ በኋላ ስልኩን ባየች ቁጥር ሻሿን ወደ ፊቷ ትስብ ነበር። ቀስ በቀስ መምጣት ተወች። ቂም የያዘች መስሎኝ ሄጄ ጠየቅኳት። "ልጄ፣ ፊቴ የት እንደሚሄድ አላውቅም" አለችኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው፤ ቲክቶክ አልነበረም። እሷ ሕጉን አላነበበችም። ግን ትክክል ነበረች።

አሁን ቡና የምቀርጸው ጠዋት ብቻዬን ነው። ሰው ለቡና ሲጠራ ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። እናንተም ሥራውንና ኑሮውን ለዩ። የልጅ ፊት በጭራሽ አይግባ፤ የእናንተም ቢሆን፣ የጎረቤትም ቢሆን። ልጁ እምቢ ማለት አይችልም።

ላይቭ ለምትገቡ

ላይቭ ከቪዲዮ ይከብዳል፤ የተነገረ አይቆረጥም። ደግሞ ይጎትታል። ስለ ቡና ሳወራ ተመልካች በገንዘብ ገዝቶ የሚልከው ስጦታ አይመጣም ነበር። ስለ እናቴ ሕመም ባወራሁበት ማታ ስጦታው ዘነበ። በማግስቱ ሌላ የቤት ጉዳይ አነሳሁ። እንዲህ እያልኩ ነው ቤቴን ያወጣሁት፤ ማንም አላስገደደኝም። ስለዚህ የምታወሩትን ቀድማችሁ ጻፉ። የማብቂያ ሰዓት አስቀምጡ። አጠገባችሁ ሰው ይቀመጥ፤ ከመስመር ስትወጡ ጉልበታችሁን ይንካችሁ። "እሱ የቤት ጉዳይ ነው" የሚለውን ደግሞ ፈገግ ብላችሁ መናገር ተለማመዱ። መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ።

ቀድሞ የወጣ ነገር ካለ የድሮ ቪዲዮዎቻችሁን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እዩ። አጠራጣሪውን ለእናንተ ብቻ እንዲታይ አድርጉት። እኔ ሰላሳ ስምንት ደበቅኩ። ሌላ ሰው ያወረደውን መመለስ አትችሉም፤ አዲስ እንዳይወርድ ግን ማውረጃውን ዝጉ። የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ፤ ስሙ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ይታይ። ለቤተሰብ ንገሩ። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ብቻችሁን አትያዙት።

የእህቴ ልጅ ወረቀቷን እኔ ቤት ጻፈች። መጀመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ስትሄድ አሥራ አራት ደርሷል። ረቡዕ ማታ የመጀመሪያ ቪዲዮዋን ላከችልኝ። ጸጉር ስትሠራ ነው። ከኋላዋ በር ላይ ዩኒፎርሟ ተሰቅሏል። መልሼ ላክሁባት። ትናንት እንደገና ላከች። አንድ ጊዜ አየሁት። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። አንድ ጊዜ ደግሞ እያቆምኩ፣ እያጎላሁ አየሁት። ምንም አላገኘሁም።

"ልቀቂው" አልኳት።