ከውጭ የገባ ወይን በልከኛ ዋጋ፦ ጎንደር ላይ እንዴት ቀምሰን እንምረጥ?

ወይን ላይ ብዙ ሰው "እኔ አላውቅበትም" ይልና ምርጫውን ለባለሱቁ ይተዋል። ባለሱቁም ውዱን ያወርድለታል። ጠጅ ላይ ግን እንዲህ አናደርግም። ውሃ ውሃ ይላል፣ ጌሾው በዝቷል፣ ገና ብርዝ ነው ብለን በአንድ ጉንጭ እንፈርዳለን። ለወይንም የሚያስፈልገው ያው ምላስ ነው።

ይሄን ያሳዩኝ ጠጅ የሚጥሉ ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ማታ የአርጀንቲና ማልቤክና የደቡብ አፍሪካ ካበርኔ ሶቪኞ የሚባሉ ሁለት ቀይ ወይኖች ጎን ለጎን ቀዳሁላቸው። ማልቤኩን ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ካበርኔውን አፋቸው ውስጥ አዟዟሩትና "ልጄ፣ የዚህኛው ጌሾ በርትቷል" አሉኝ። ያገኙት ታኒን የሚባለውን ነው፤ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣ፣ እንደ ወፍራም ሻይ ድድ የሚያደርቅ ነገር። ስሙን ሰምተው አያውቁም፣ ግን አልሳቱትም።

ሱቅ ስትገቡ ከዋጋው በፊት ጠርሙሱ የቆመበትን ቦታ እዩ። ወይንን የሚገድለው ሙቀትና ብርሃን ነው። አንዴ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ነጭ ወይን በቅናሽ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ጣዕሙም ተቆርጦ ያደረ ፖም ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ የሚያገኘውን ጠርሙስ አልነካም። ቀጥሎ ዓመቱን አንብቡ፤ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት ይነግራችኋል። "ወይን ሲያረጅ ይጥማል" የሚባለው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነጭና ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው ወይን) የሚሠራው ቶሎ እንዲጠጣ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈው አትድከሙበት።

ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው "ሪዘርቫ" የሚለው ቃል ላይ ተጠንቀቁ። የስፔን ቀይ ወይን ሪዘርቫ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፣ ከዚያም ውስጥ 1 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል። ቺሊ ላይ ግን ቃሉ ያን ያህል ቆይታ አያስገድድም። ስለዚህ ሁለቱ በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኙ እኔ የስፔኑን እወስዳለሁ። የጠርሙሱ ክብደት ደግሞ ስለ ወይኑ ምንም አይናገርም፤ የምትከፍሉት ለመስታወት ነው።

በልከኛ ዋጋ መጀመሪያ የምመክረው የደቡብ አፍሪካ ሼኒን ብላን ነው። ነጭ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ከጣና ዓሣ ጥብስ ጋር ደግሞ ልዩ ነው። ለጥብስ ማልቤክ ወይም ሌላው ቀይ፣ ፒኖታዥ ይሁን። ፒኖታዥ በፈረንጆች 1925 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሁለት የወይን ዘሮችን በማዳቀል የተገኘ ነው፣ አንዳንዴ ጭስ ጭስ ይላል። የቺሊው ቀይ ካርሜኔር እስከ ፈረንጆች 1994 ድረስ ብዙ ቦታ በሌላ የወይን ዘር ስም ሜርሎ እየተባለ ሲሸጥ የኖረ ነው። አሽትቱትና የቃሪያ ሽታ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን ጠንካራ ቀይ አታቅርቡ። አልኮሉና ታኒኑ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ ሮዜ ወይም ከፊል ጣፋጭ ነጭ ይሻላል።

ለመቅመስ ብቻችሁን አትሁኑ። አራት አምስት ጓደኛ ሆናችሁ ገንዘብ አዋጡ፣ ዋጋቸው የተለያየ ሦስት ቀይ ግዙ፣ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉባቸው። ብርሌ አይሆንም፣ አፉ ስለሚጠብ አፍንጫ አያስገባም። ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልጉና ሲሶውን ብቻ ቅዱ። በክረምት የጎንደር ቤት ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀዩን እንዳለ መጠጣት ይቻላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። አዟዙራችሁ አሽትቱ። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፣ አቼቶ ከሸተተ ሆምጥጧል። ሁለቱንም ሳታፍሩ ወደ ሱቁ መልሱ። ደህና ከሆነ ትንሽ ጎንጭታችሁ አዟዙሩት፣ ዋጡት፣ ከዚያ በልባችሁ ቁጠሩ። ጣዕሙ አስር እስክትደርሱ አፋችሁ ላይ ከቆየ ጥሩ ወይን ይዛችኋል፤ ሦስት ላይ ከጠፋ ዋጋው ምንም ይሁን ድጋሚ አትግዙት። ጋዜጣውን ከመቅደዳችሁ በፊት ግን የትኛው ጠርሙስ ቀድሞ እንዳለቀ እዩ። ሰው በአፉ ሌላውን ቢያደንቅም እጁ የሚሄደው ወደሚወደው ነው።

ለሌላ ሰው ስትመክሩ የራሳችሁን ምርጫ አትጫኑበት። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ቡናውን እንዴት እንደሚጠጣ ነው። ሁለት ማንኪያ ስኳር ለሚያደርግ ሰው ካበርኔ ብትሰጡት ፊቱን ያጨማድዳል፣ በከፊል ጣፋጭ ይጀምር። ቡናውን ባዶውን የሚጠጣውን ግን የጎረቤቴ "ጌሾ" አያስደነግጠውም። ለእሱ ካበርኔውን ክፈቱለት።