ለቲቸራችሁ ምስጋና ስትጽፉ እንዲህ አድርጉ

በመጀመሪያ አንድ አስተማሪ ብቻ ምረጡ። "ለአስተማሪዎቼ በሙሉ" ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ክፋት የለውም ግን ማንም የኔ ነው ብሎ አይወስደውም፣ በስማቸው ለብቻቸው ሲደርሳቸው ሌላ ነው።

ከዛ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ። እናንተ አንድ ቲቸር ነው የምታስታውሱት እሳቸው ግን በየዓመቱ አዲስ ክላስ ሲቀበሉ ነው የኖሩት፣ ስለዚህ ሙሉ ስም፣ ስንተኛ ክፍል፣ በስንት ዓመተ ምህረት፣ የት ትቀመጡ እንደነበር ጭምር ጻፉላቸው። "አስታወሱኝ?" ብላችሁ ግን አታስጨንቋቸው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። "ስላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ" አይበቃም። አንድ ያደረጉትን ነገር አንሱ፣ ምናልባት ራሳቸው የረሱትን። ለምሳሌ፦ "ቲቸር፣ ፈተና ወድቄ ወረቀቱን ደብቄ ልወጣ ስል ጠርተውኝ፣ መልሱ ነው እንጂ የተሳሳተው አሰራርህ ልክ ነው ብለው መስመር በመስመር አሳዩኝ፣ ሒሳብ አይገባኝም ማለት የተውኩት ከዛን ቀን ጀምሮ ነው።" ከዚህ ቀጥሎ ያ ነገር የት እንዳደረሳችሁ ንገሯቸው፣ ምክንያቱም ተማሪ ዓመቱ ሲያልቅ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። የግድ ዲግሪና ሥልጣን መሆን የለበትም፣ "ለልጄ እንደርሶ ቀስ ብዬ ነው የማስረዳት" ማለት ለኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ፈረንሳዊው ደራሲ አልበርት ካሙ እ.ኤ.አ በ1957 ኖቤል ሲሸለም ከእናቱ ቀጥሎ ያሰበው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪውን ሉዊ ዤርማንን ነበር፣ ደብዳቤ ጻፈላቸው፣ አጭር ደብዳቤ ናት ግን ድሃ ልጅ እያለ እጃቸውን ባይዘረጉለት ኖሮ ይሄ ሁሉ እንደማይሆን በግልጽ ነገራቸው። እናንተም አታርዝሙት።

ከመደወል መጻፍ ይሻላል፣ ደግመው ያነቡታል፣ ቴሌግራምም ቢሆን ችግር የለውም። አድራሻ ከጠፋ የድሮ ክላስሜት ወይ የትምህርት ቤቱን ቢሮ ጠይቁ። እዛው ላይ ግን ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ ምናምን እንዳትሉ በናታችሁ፣ ምስጋናው ለጥያቄ መግቢያ ይመስላል።

የዓለም የመምህራን ቀን እ.ኤ.አ ከ1994 ጀምሮ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ይከበራል፣ ግን እሱን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ዛሬ ላኩት። በሕይወት ከሌሉም ጽፋችሁ ለልጆቻቸው ስጡ፣ አባታቸው ወይ እናታቸው ክፍል ውስጥ ምን አይነት ሰው እንደነበሩ ብዙ ጊዜ ቤተሰብ አያውቅም።