በካንትሪ ሙዚቃ ለመኖር የሚያስብ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካንትሪ ሙዚቃ መዲና የሆነችው የአሜሪካዋ ከተማ ናሽቪል ጎበዝ ጊታር ተጫዋች አጥታ አታውቅም። የሚጠፋው በሙያው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ጎበዝ ነው። የካንትሪ ሙዚቀኞችን የሕይወት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ብዙዎቹን የጎዳቸው የነገ እንጀራቸውን ለዛሬ ችግር አሳልፈው መስጠታቸው ነው።

ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን በካሴት እየሰማን ያደግን ብዙ ነን። ዛሬ ደግሞ ናሽቪል ውስጥ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ጊታር አንሥቶ በዚህ ሙዚቃ ልኑር ቢል፣ ልጁም ወላጆቹም አስቀድመው ቢያውቋቸው የምመኛቸውን ስህተቶች ነው የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈንን አንዴ ሸጦ መገላገል

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ዊሊ ኔልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ ቤተሰቡን የሚያበላው ሲያጣ አንድ መንፈሳዊ ዘፈኑን በ50 ዶላር፣ ሌላ ዘፈኑን ደግሞ በ150 ዶላር ሸጠ። የመጀመሪያው በ1960 በሌላ ድምጻዊ ተዘፍኖ በካንትሪ ሰንጠረዥ ከምርጥ አሥሮቹ ተርታ ሲገባ፣ በደራሲነት የተመዘገበው የገዢዎቹ ስም ነበር። ኔልሰን ናሽቪል ከመጣ በኋላም ያንኑ ሊደግመው ነበር። ሌላ ዘፈን በ500 ዶላር እንዲገዛው ድምጻዊውን ፋሮን ያንግን ጠየቀው። ያንግ ግን አልገዛም፤ ዘፈኑን እንዳይሸጥ መክሮ 500 ዶላሩን አበደረው። በ1961 ያንግ ራሱ የዘፈነው ያ ሥራ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ የደራሲው ድርሻም ለደራሲው ደረሰ። እንዲህ ያለ ወዳጅ የሚገጥመው ሰው ጥቂት ነው።

ዶሊ ፓርተን መካሪ አላስፈለጋትም። በ1974 ያወጣችውን የስንብት ዘፈን ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ግን የአሳታሚነት መብቱ፣ ማለትም ከዘፈኑ ክፍያ ለአሳታሚ የሚደርሰው ድርሻ፣ ግማሹ ካልተሰጠን አይሆንም አለ። በዚያ ዘመን ኤልቪስን እምቢ ማለት ለማንም ደራሲ የማይታሰብ ነበር። እርሷ ግን እያለቀሰችም ቢሆን እምቢ አለች። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ያንኑ ዘፈን በዓለም ዙሪያ ስታስደምጠው ሙሉ መብቱ በዶሊ እጅ ነበር።

ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ሕጉ ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ የተቀረጸ ዘፈን ሁለት ንብረት አለው፤ አንዱ ዜማና ግጥሙ፣ ሌላው የተቀረጸው ድምፅ። የኤፍኤም ጣቢያ ዘፈኑን ባሰማ ቁጥር የሚከፍለው ለዜማና ግጥሙ ባለመብቶች ብቻ ነው። ድምጻዊው፣ ስቲል ጊታሩን የተጫወተው፣ ከበሮውን የመታው ከዚያ ገንዘብ ቤሳ አያገኙም። የሳተላይትና የኢንተርኔት ሬዲዮ ክፍያ ሳውንድኤክስቼንጅ በሚባል ሰብሳቢ ድርጅት በኩል ለተጫዋቾችም ይደርሳል፤ 45 በመቶው ለዋናው አቅራቢ፣ 5 በመቶው ለአጃቢዎች ይከፋፈላል፤ ቀሪው የቅጂው ባለቤት ነው። እንግዲህ የራሱን ዘፈን የሸጠ ሰው የዘፈነው በየመንደሩ ሬዲዮ ሲሰማ ውሎ እያደረ እርሱ የቤት ኪራይ ሊቸግረው ይችላል። በእኛም አገር በካሴት ዘመን ብዙ ድምጻውያንና ደራስያን ሥራቸውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ለሙዚቃ ቤት አስረክበው፣ ካሴቱ ለዓመታት ሲሸጥ ዳር ቆመው አይተዋል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ድርሻን ሳይነጋገሩ አብሮ መጻፍ

ናሽቪል ውስጥ ዘፈን የሚጻፈው በአብዛኛው በቡድን ነው። ሁለት ሦስት ሰዎች ጠዋት ሚውዚክ ሮው ከሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ገብተው ከሰዓት በኋላ ዘፈን ይዘው ይወጣሉ። የከተማዋ ልማድ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ እኩል እንዲካፈል ነው፤ አንዱ ሙሉ ግጥሙን ቢጽፍና ሌላው አንዲት ስንኝ ብቻ ቢያዋጣም። እኔ ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ማን ምን አዋጣ ከሚል ጭቅጭቅ ያድናል። ነገር ግን ልማዱ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ዘፈኑ ገንዘብ ባመጣ ማግስት ጠብ ይነሣል። ዘፈኑ ባለቀበት ዕለት የእያንዳንዱን ስምና የመቶኛ ድርሻ ጽፎ መፈራረም አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ድርሻው ትንሽ ስለሆነ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ትንሽ ነው። ዘፈን በሲዲ፣ በሸክላ ወይም በዳውንሎድ ሲሸጥ በሕግ የተቆረጠው ክፍያ ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት 9.1 ሳንቲም ሆኖ ቆይቶ በ2023 ወደ 12 ሳንቲም ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ዋጋ ግማሹን አሳታሚው ከወሰደ ለደራስያኑ 6 ሳንቲም ይቀራል፤ ሦስት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 2 ሳንቲም። ይህችን 2 ሳንቲም ያልመዘገበ ግን ሚሊዮን ቅጂ ቢሸጥም የሚጠይቀው ነገር የለውም።

የክፍያ ድርጅቶችን ነገር ለሌላ ሰው መተው

ቢኤምአይ፣ አስካፕ፣ ሴሳክ የሚባሉት ድርጅቶች ዘፈኑ በሬዲዮና በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ለደራሲው የሚገባውን ክፍያ ይሰበስባሉ። አባል ያልሆነ፣ ዘፈኑንም ያላስመዘገበ ሰው ገንዘቡ አይመጣለትም። ብዙ ወጣቶች ይህን አሰልቺ ነገር ብለው ያልፉታል። የዲፎርድ ቤይሊን ታሪክ ግን መዘንጋት አይገባም።

ቤይሊ ሃርሞኒካ ተጫዋች፣ በግራንድ ኦል ኦፕሪ የሬዲዮ መድረክ የመጀመሪያው ጥቁር ኮከብ ነበር። በሃርሞኒካ የባቡር ጉዞ ድምፅ ሲያሰማ አድማጭ ባቡሩ ያለፈበት እስኪመስለው ድረስ ይገረም ነበር። በ1941 ጣቢያዎቹ ከአስካፕ ጋር በክፍያ ተጣልተው በአስካፕ ሥር የተመዘገቡ ዜማዎች በሬዲዮ እንዳይሰሙ ሲያግዱ፣ ሰው የሚወድለት ዜማዎቹ ከእነዚያ መካከል ሆኑ። በዚያው ዓመት ከኦፕሪ ተሰናበተ። በእኔ እምነት ነጭ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አያሰናብቱትም ነበር፤ የወረቀቱ ጠብ ግን በሩን ከፈተላቸው። ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው በናሽቪል ጫማ እየጠረገ ነው። የካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ የተቀበለው በ2005 ነው፤ ከሞተ 23 ዓመት ካለፈው በኋላ። ባንጆን ከአፍሪካ መሣሪያዎች ተነሥተው የሠሩት ጥቁሮች በዚህ ሙዚቃ ውስጥ እንግዳ ተደርገው መኖራቸው ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ዛሬ ወደዚህ ሙዚቃ የሚገባ የእኛ ልጅም ቦታው የእኔ አይደለም ብሎ ማፈር የለበትም።

የቁጥር ሉህ ማንበብ አለመማር

ናሽቪል ስቱዲዮ ውስጥ ኖታ በብዛት አይሠራበትም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጆርዳኔርስ የተባለው የድምጻውያን ቡድን አባል የነበረው ኒል ማቲውስ የጀመረው፣ ቻርሊ ማኮይና ሌሎች ያስፋፉት፣ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) በቁጥር የሚጽፍ ዘዴ አለ። የዘፈኑ መነሻ ድምፅ ጂ ከሆነ ጂ 1፣ ሲ 4፣ ዲ 5 ተብሎ ይጻፋል። ድምጻዊቷ ዛሬ ጉሮሮዬ ከብዶኛል፣ ወደ ኤፍ አውርዱልኝ ስትል ሉሁ አይነካም፤ ያው 1፣ 4፣ 5 አሁን ኤፍ፣ ቢ ፍላትና ሲ ሆኖ ይነበባል። ቁጥሩ በአልማዝ ቅርጽ ከተከበበ ኮርዱ አንዴ ተመትቶ እንዲያስተጋባ ይተዋል። አንድ ቀረጻ የሦስት ሰዓት ሥራ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ4፣ በ8 እና በምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመራል። በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ ማንም ቆሞ አያስተምርም፤ ጣቱ የፈጠነ ሁሉ ሉሁን ካላነበበ ዳግመኛ አይጠራም።

ብሮድዌይ ላይ ሰጥሞ መቅረት

የታችኛው ብሮድዌይ የሚባለው የናሽቪል ጎዳና መጠጥ ቤቶች ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ናቸው። ተራው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ሌላ ባንድ ይተካል። ቋሚ ክፍያው ጥቂት ስለሆነ የሚታመነው በጉርሻ ነው፤ ከባንዱ አንዱ ባልዲ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዞራል፤ ሃያ ዶላር ከናፕኪን ጋር አጣጥፎ የሚወደውን ዘፈን ጽፎ የሚልክም አለ። የሚጠየቀው ሁልጊዜ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሌላ ሰው ዘፈን ነው።

ስህተቱ እዚያ መሥራቱ ላይ አይደለም። በሳምንት ስድስት ሰባት ተራ እየያዙ የራስን ዘፈን የሚጽፉበት ጠዋት ማጣት ነው ጥፋቱ። ክሪስ ስቴፕልተን በ2001 ናሽቪል ገብቶ ለዓመታት ለሌሎች ድምጻውያን ሲጽፍ ኖረ፤ የመጀመሪያ የብቻ አልበሙ የወጣው በ2015፣ በ37 ዓመቱ ነው። በዚያው ኅዳር የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሦስት ሽልማቶችን ወሰደ። ለዚያ ያበቃው በየዕለቱ ሲጽፍ መቆየቱ ነው።

ጆሮን፣ እንቅልፍንና ጀርባን መናቅ

የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ምክር 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ እንዲሰማ ነው። ከበሮ አጠገብ አራት ሰዓት የሚቆም ሰው ይህን ልክ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የጆሮ መከላከያ ማድረግ የሚያሳፍረው ካለ፣ ሌሊት ጆሮው ውስጥ ሲጮህበት የሚያድረው ድምፅ ከዚያ ይብሳል፤ ያ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ሃንክ ዊልያምስ በጀርባ ሕመም ይሠቃይ ነበር፤ ሕመሙን በመጠጥና በማስታገሻ እያፈነ መድረክ ይወጣ ነበር። በነሐሴ 1952 ከኦፕሪ ተባረረ። ጥር 1 ቀን 1953 ኦሃዮ ውስጥ ካንተን ወደሚባል ከተማ ለዝግጅት ሲሄድ ከካዲላኩ የኋላ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ገና 29 ዓመቱ ነበር። ፓትሲ ክላይን በመጋቢት 1963 ካንሳስ ሲቲ ላይ ለበጎ አድራጎት ዘፍና ስትመለስ፣ ወዳጇ ዶቲ ዌስት በመኪና አብረን እንሂድ ብላት ነበር። ልጆቿ ዘንድ ቶሎ ለመድረስ ትንሹን አውሮፕላን መረጠች፤ መጥፎ አየር ላይ አውሮፕላኑ ቴነሲ ውስጥ ተከሰከሰ። በ30 ዓመቷ ነበር። በእርሷ ላይ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ልጅ ናፍቋት የቸኮለች እናት ነበረች። ሠርተው አዳር ተጉዘው ነገ ደግሞ መቆም የሚል ልማድ ግን ዛሬም ሙዚቀኛ ይገድላል።

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ባንዶች ሐሙስ ሌሊት በአውቶቡስ ወጥተው እሑድ ይመለሳሉ። አልጋዎቹ በአብዛኛው አሥራ ሁለት፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ናቸው። የቆየው ደንብ እግርን ወደ ፊት አድርጎ መተኛት ነው፤ አውቶቡሱ በድንገት ቢቆም ጭንቅላት እንዳይመታ። እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ መጠጥ የሚያበዛ፣ ንጽሕናውን የማይጠብቅ፣ ሌሊት በስልክ የሚጮህ ሰው ምንም ያህል ቢጫወት በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ይተካበታል። ለታመመና ለተቸገረ ሙዚቀኛ ደግሞ በ1989 የተቋቋመው ሚውዚኬርስ አለ፤ እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የመንግሥትን ድርሻ ከኪስ ጋር መቀላቀል

በ1990 የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት የዊሊ ኔልሰንን ንብረት ያዘበት፤ ዕዳው 16.7 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ዓመታት ወስዶ ከፍሎ ወጣ፤ ስም የሌለው ግን ከሥሩ ይነቀላል። ሙዚቀኛ በአብዛኛው የግል ሠራተኛ ስለሆነ ቀጣሪ ግብር አይቀንስለትም። ለጡረታና ለሕክምና ዋስትና የሚከፈለው የግል ሠራተኛ ግብር ብቻ 15.3 በመቶ ሲሆን የገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ይመጣል። የሚከፈለውም በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር አጋማሽ ገደማ በአራት ዙር ነው። በባልዲ የተሰበሰበው ጉርሻም ገቢ ነው። ገንዘቡ እጅ በገባበት ሌሊት ቢያንስ ሩቡን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ማዛወር፣ የተነዳውን ማይል፣ የተገዛውን ክር፣ የተጠገነውን ማጉያ በደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። ወጪው በደረሰኝ ሲቀናነስ የሚከፈለው ግብር ይቀንሳል፤ በሚያዝያ ደረሰኝ የሌለው ግን በሌለው ትርፍ ላይ ጭምር ይከፍላል።