ከገዛ ሰውነት ጋር እንዴት መታረቅ ይቻላል? ከአልጋ ሥር ካለው ሻንጣ እንጀምር

አልጋዬ ሥር አንድ ሻንጣ ነበር። ውስጡ 7 ልብስ፣ ሁሉም «ስከሳ የምለብሰው»። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 4 ዓመት ሆኖኝ እንኳ በየሁለት ወሩ እከፍተው ነበር። ጂንሱ ጭኔ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ማታ ደግሞ የልጆቹን ትራፊ ሳይቀር ጠራርጌ እበላለሁ።

«ሰውነታችሁን ውደዱ» ብዬ ልሰብክ አይደለም። መስታወት ፊት ቆሞ «ቆንጆ ነኝ» ማለትንም ሞክሬ ለራሴው ውሸታም መስዬ ታየሁ። የጠቀመኝን ብቻ ልንገራችሁ።

1. ሻንጣውን አውጡ

የሚሰጠውን ስጡ፣ የሚሸጠውን ሽጡ። ለትዝታ አንድ ማስቀረት ይፈቀዳል። ሁለት አይፈቀድም።

2. ልብስ ሰፊ ጋር ሄዳችሁ ተለኩ

የሐበሻ ቀሚሴን ላሰፋ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ ሲጠመጥም ሆዴን ሳብኩ። «የኔ እናት፣ ተንፍሺ እንጂ፤ ሠርጉ ላይ አትበይም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ለረዳቱ «96!» ብሎ ጮኸ፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደሚጠራ። ክው አልኩ። ቀና ብሎ ያየኝ ግን አልነበረም። ረዳቱ ቁጥሩን በጠመኔ ጨርቁ ጫፍ ላይ ጻፈና ሻዩን መጠጣት ቀጠለ። ስንት ዓመት እንደ ኃጢአት የደበቅኩት ቁጥር ለእነሱ የጨርቅ ልክ ነው።

ጥሩ ሰፊ በጎን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ስለሚተው ብዙ ልብስ ተፈትቶ ይሰፋል፤ ትርፍ ከሌለው ከጎን ሌላ ጨርቅ ይገባበታል። «ላስቲክ ያለው ቀሚስ ይበቃል» የሚሏችሁን አትስሟቸው። እሱ ለቤት ነው።

3. ሚዛኑንና ስልኩን ራቅ አድርጉ

የሰው ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ውሃና ጨው ነው። ስልክ አስጠግቶ የሚነሳ ሰልፊ ደግሞ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ለካሜራው የቀረበ ሁሉ ይተልቃልና። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ሌላ ሰው ያንሳችሁ። ሸንተረርም ቢሆን ከቆዳው ውስጠኛ ሽፋን የሚመጣ ጠባሳ ነው። በጊዜ ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ የሚያጠፋው ቅባት የለም፤ ብራችሁን ያዙ።

4. ለ«ወፈርሽ!» መልስ አዘጋጁ

ከባዱ ይህ ነው። እኛ ዘንድ ሰላምታ ከሰውነት ይጀምራል። ጉንጭ ሳይሳም «ወፈርሽ እኮ!» ይመጣል። ከውጭ ለእረፍት የሚገባ ዘመድማ ገና ኤርፖርት በር ላይ ነው የሚባለው።

የእህቴ ሠርግ 3 ሳምንት ሲቀረው አክስቴ እንዲሁ አለችኝ። አንገበገበኝና ማክሻ ሻይ ገዛሁ። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ወረደልኝ። ቀኑን ሙሉ ግን መጸዳጃ ቤት ነበርኩ። በሠርጉ ዋዜማ ሽንኩርት እየላጥኩ ተዝለፍልፌ ወደቅኩ፤ ሌሊቱን ግሉኮስ ተሰክቶልኝ አደርኩ። ብዙዎቹ የማክሻ ሻዮች ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። የሚወጣው ውሃ ነው፣ ስቡ እዚያው ነው። የባሰም አለ፦ ሲቡትራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት በልብና በደም ሥር ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህም «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ማክሻዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ማሸጊያው ላይ ቅጠል ስለተሳለ አትመኑ።

ቤት ከገባሁ በኋላ አክስቴ አጥሚት ይዛ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ያን ጊዜ ወፍረሽ ሳይሽ እኮ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!» ብላ አለቀሰች። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወጣት ነበረች። ለእሷ ክሳት ማጣት ነው፣ ሕመም ነው፤ «ወፈርሽ» ደግሞ «ተመችቶሻል» ነው። እኔ ግን በቲክቶክ ሚዛን ነበር የሰማኋት።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን እንዳለው ለዩ። በዕድሜ ለገፉት «አዎ እማማ፣ ተመስገን ነው» ብሎ ማለፍ ነው፣ ማስረዳት አያስፈልግም። ለእኩያ «ዓይንሽ ደህና ነው ማለት ነው፤ ቡና ይምጣ?» እላለሁ። ልጆቼ ፊት ለሚያነሳው ግን አልቀልድም፤ «እነሱ ፊት ስለ ሰው ሰውነት አናወራም» እለዋለሁ። አንድ ዘመዴ በዚህ አኩርፎ ለፋሲካ ሳይመጣ ቀርቷል። ለገና መጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ያለ ምክንያት በድንገት መወፈር ወይም መክሳት ካለ ሐኪም ይየው። በልቶ ሆን ብሎ ማስመለስ፣ ወይም ቀናት ሙሉ አለመብላት ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ የእኔ ሻንጣ አይፈታላችሁም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ሂዱ።

5. «ስከሳ» ብላችሁ ያቆያችሁትን አሁን አድርጉ

እኔ 6 ዓመት ሙሉ ውሃ ዳር ቦርሳ ጠባቂ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመግባት ላንጋኖን የመረጥኩት በተንኮል ነው፤ ውሃው ሻይ በወተት ስለሚመስል ከአንገት በታች ምንም አይታይም። ጣጣው ከፎጣው እስከ ውሃው ያለው መንገድ ነው። ሃያ እርምጃ ትሆናለች። ሆዴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ስጀምር ትንሿ ልጄ አንዱን እጄን ነጥቃ «ቶሎ በይ፣ ይቀዘቅዛል!» እያለች ጎተተችኝ፤ በአንድ እጅ ደግሞ የሚሸፈን ሆድ የለኝም።

የዋና ልብስ ስትገዙ ግን እቤት ሳላችሁ ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ፣ ጎንበስ ቀና ብላችሁ ሞክሩት። የእኔ ማንጠልጠያው ውሃ ውስጥ ተበጥሶ፣ ባለቤቴ ፎጣ ይዞ እስኪመጣ ከአንገቴ በላይ ብቻ እየታየሁ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።