ከበረዶ አገር የመጣ ፒክአፕ ሲገዙ ዝገቱን እንዴት እንደሚመዝኑ

ከሚኒሶታ እስከ ኒው ዮርክ፣ ድንበር ተሻግሮም እስከ ኦንታሪዮ፣ የበረዶ ወራት በመጡ ቁጥር መንገዱ ጨው ይለብሳል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ማግኒዥየም ክሎራይድ በፈሳሽ መልክ ይረጫል። ይህኛው እርጥበትን ከአየር ስቦ የመያዝ ጠባይ ስላለው ብረቱ ላይ ሳይደርቅ ይቆያል። ሞተሩ ገና ደህና የሆነ ፒክአፕ ሻንሲው፣ ማለትም ሁሉን የተሸከመው የብረት አጽሙ፣ ተበልቶ ቁርጥራጭ ብረት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሚኒሶታ፣ ሚሺጋንና ኦሃዮ የግል መኪና በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ እንዲያልፍ አያስገድዱም። ስለዚህ ሚኒያፖሊስ ወይም ኮሎምበስ ውስጥ ታርጋው የታደሰ መኪና አገኙ ማለት ከሥሩ አጎንብሶ ያየው ሰው አለ ማለት አይደለም።

ቀለሙን ሳይሆን ውፍረቱን

ከበረዶ አገር የመጣ ፒክአፕ ሆኖ ከሥሩ ጨርሶ ያልዛገ ከተገኘ፣ ወይ ባለቤቱ እጅግ ጠንቃቃ ነው፣ ወይ ቀለም ተቀብቷል። ቡናማ ስላዩ ብቻ አይደንግጡ። ጥያቄው ከብረቱ ምን ያህል ቀረ የሚለው ነው።

ዝገት ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ላዩን ብቻ ያቀላ ሲሆን፣ በሽቦ ብሩሽ ሲፈተግ ይለቃል፣ ከሥሩ ያለው ብረትም ልሙጥ ነው። ይህ ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ግዢ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው እንደ ዛፍ ቅርፊት ተደራርቦ የሚነሳው ነው። እዚህ ላይ ዓይን በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ ዝገት ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ ወፍራም ቅርፊት ሥር አንዳንዴ በቂ ብረት ይኖራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቅርፊቱ ራሱ ብቻ ቀርቷል። መለየት የሚቻለው ቅርፊቱን አራግፎ ነው። ሦስተኛው የበሳው ወይም ካቻቢቴ ሲጫኑት የሚገባለት ነው። ሻንሲ ላይ ከሆነ ድርድሩ እዚያው ያበቃል።

ከቤት ሳይወጡ

ሻጩን 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን ቪን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ይጠይቁና የመኪናውን ታሪክ ያውጡ። መመልከት ያለብዎ ስንት የበረዶ ወራት የት እንዳሳለፈ ነው። ዛሬ ቴክሳስ ቆሞ የሚሸጥ ፒክአፕ አሥር ዓመት ኦሃዮ ተነድቶ በጨረታ የወረደ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቁጥር የፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ (አምራቹ ጉድለት ለማስተካከል መኪናውን የሚጠራበት) መኖሩን በነጻ ያያሉ።

ቶዮታ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ ታኮማዎች ሻንሲያቸው ክፉኛ እየበሰበሰ ስላስቸገረ፣ ኩባንያው በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተበሱትን ከገበያ ዋጋቸው በአንድ ተኩል እጥፍ መልሶ እስከ መግዛት ደርሷል። በኋላም ከ2005 እስከ 2010 ለተሠሩ ታኮማዎች፣ ለ2007 እና 2008 ቱንድራዎች፣ ከ2005 እስከ 2008 ለተሠሩ ሴኮያዎች በፍርድ ቤት ስምምነት ሻንሲ ተቀይሮላቸዋል። የሽፋኑ ጊዜ ስላለፈ ዛሬ ያልተቀየረለት ሰው አይቀየርለትም። ስለዚህ ከእነዚህ ዓመታት አንዱን ሲያገኙ «ሻንሲው ተቀይሯል? ደረሰኙስ?» ብለው ይጠይቁ። ደረሰኝ ያለው ከሆነ ኪሎ ሜትሩ ከፍ ቢልም ሌላው ካልተቀየረለት ይሻላል።

ምን ይዘው ይሂዱ

ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ መዶሻ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የሚተኙበት ካርቶን፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር። መነጽሩን አይናቁት፤ ቅርፊቱ ሲመታ የሚረግፈው ፊትዎ ላይ ነው። ፒክአፕ ከፍ ያለ ስለሆነ አብዛኛው በተኛበት ይታያል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ግን በፍጹም አይግቡ።

መዶሻ እንደሚጠቀሙ ለሻጩ አስቀድመው ይንገሩት። «ሻንሲውን አትንካብኝ» ካለ መልስዎን አግኝተዋል። ቀጠሮው በቀን ብርሃንና መኪናው ደረቅ ሳለ ይሁን፤ እርጥብ ብረት ሁሉ ጠቆር ብሎ ደህና ይመስላል።

ሻንሲው

ከፊት አይጀምሩ፣ ከኋላ ይጀምሩ። ጎማ የሚረጨው ጨውና ጭቃ የሚከማቸው ከኋላው አክስል በላይና ስኮርታ ጎማው በተንጠለጠለበት አካባቢ ነው። ከተቻለ ስኮርታውን ያውርዱት። ያን ጊዜ የማንሻ ገመዱ መዛጉም አብሮ ይታያል።

የባሌስትራው መያዣዎች ሻንሲው ላይ የተገጠሙባቸውን ቦታዎች፣ ሁለት ላሜራ የተደረበባቸውን ሁሉ፣ ግራና ቀኙን የሚያያይዙትን አግዳሚዎች፣ ከፊት ደግሞ የታችኛው የእግር ክንድ የሚታሰርበትን በብሩሽ አጽድተው ይምቱ። ሸክላ ገዢ ገንቦውን ኳ ኳ አድርጎ እንደሚያዳምጠው ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውንም ያነጥራል። የተበላው ግን ድፍን ያለ፣ እንደ ካርቶን ያለ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ካቻቢቴውን በክንድዎ ኃይል ይጫኑት። በሁለት የተደረቡ ላሜራዎች መካከል ዝገት አብጦ ካፈናጠራቸው በመካከላቸው ያለው ብረት እየሳሳ ነው።

ሻንሲው በአራት ጎን የተዘጋ ሣጥን ከሆነ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው። ጭቃና ጨው ይገባል፣ የውኃ መውጫው ቀዳዳ ይደፈናል፣ ውጪው ቀለሙን እንደያዘ ውስጡ ያልቃል። ባትሪውንና የስልክዎን ካሜራ በቀዳዳዎቹ አስገብተው ያንሱ። የታችኛውን ፊት ከላይኛው አብዝተው ይምቱ፤ ውኃው የሚተኛው እዚያ ነው።

አዲስ ጥቁር ቀለም ካዩ ይጠርጥሩ። ቀለሙ ቡሎኑን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የጎማ ቱቦውን ሳይቀር ካለበሰ፣ ለሽያጭ ሲባል በአንድ ከሰዓት የተረጨ ነው። እንደ ሬንጅ የሚደርቀው ወፍራም ልባስ ይብሳል፣ ዝገቱንም እርጥበቱንም ከሥሩ አፍኖ ይይዛልና። ጫፉ ላይ በጥፍርዎ ቢልጡት ቅርፊት ተሸክሞ ይነሳል። አቧራ የያዘ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ዘይት ነክ ልባስ ግን መልካም ምልክት ነው፤ አንድ ሰው በየዓመቱ ሲንከባከበው ኖሯል።

የተበየደ ቦታ ካለ ማን፣ መቼ፣ በምን ውፍረት ብረት እንደበየደው ይጠይቁ። ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ላሜራ ጥገና አይባልም። ጠጋኙ ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ቆርጦ ካልሄደ፣ ብየዳው የያዘው ዝገትን ነው።

የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች

ሰው ሻንሲውን አይቶ የሚዘነጋው ይህን ነው። ከሞተሩ እስከ ኋላው ጎማ በሻንሲው ጎን የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ስስ ናቸው። መጀመሪያ የሚበሱት ፕላስቲክ መያዣው በያዛቸው ቦታ ነው፤ ጨው የሚቋጥረው እዚያ ስለሆነ። መያዣዎቹን አንድ በአንድ ያብሩባቸው። ቱቦው ካበጠ ወይም እርጥብ ከሆነ መቀየር አለበት።

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው፣ መኪናው በቆመበት የፍሬን ፔዳሉን በደንብ ጫን አድርገው 30 ሰከንድ ይያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደ ግፊት የሚወጣበት ቦታ አለና ለሙከራ እንኳ አይንዱት። አሮጌ የሸቭሮሌት ሲልቨራዶዎች በዚህ ችግር ይታወቃሉ። ኤንኤችቲኤስኤ መርምሮ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ፋይሉን ያለ ጥሪ ስለዘጋው የቅያሪው ወጪ የባለቤቱ ነው። የኒኬልና መዳብ ቅይጥ ቱቦ ገብቶለት ካገኙ ደስ ይበልዎት፣ እሱ አይዝግም።

በዚያው የነዳጅ ታንኩን የተሸከሙትን ሁለት የብረት ቀበቶዎች ይመልከቱ። ፎርድ በ2011 (እ.ኤ.አ.) አሮጌ ኤፍ-150ዎችን ከጨዋማ ግዛቶች የጠራው ይህ ቀበቶ ዝጎ እየተበጠሰ ታንኩን ስለሚጥል ነበር። የሞተሩ ዘይት የሚቀመጥበት የታች ሳህንና የዲፈረንሻሉ ክዳንም ሊያንጠባጥቡ ስለሚችሉ ባትሪ ይብራባቸው።

ቦዲው

ከበሮቹ ሥር ያለውን ደፍ፣ የካቢናውን የኋላ ማዕዘኖች፣ የኋላውን ፓራፋንጎ ጠርዝና የበሮቹን ታች በማግኔት ይዳስሱ። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ ነው። ቀለም ሥር ትንሽ እብጠት ካለ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ የመጣ ስለሆነ ቀዳዳው ከእብጠቱ ይሰፋል። ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ያለው ኤፍ-150 ቦዲው አሉሚኒየም ነውና ማግኔት አይሠራበትም። ሻንሲው ግን ያው ብረት ስለሆነ የቦዲው ማማር አያታልልዎት። የወለል ምንጣፉን አንስተው እርጥበት ይፈልጉ። ካሶኒው ላይ የፕላስቲክ ንጣፍ ካለም ጠርዙን ገለጥ ያድርጉት።

የጭስ ማውጫ ቱቦ መቅላትና አድሮ ፍሬን ዲስክ ላይ የሚታይ ብርቱካናማ ሽፋን ምንም አይደሉም።

ውሳኔው

ሻንሲው ከተበሳ፣ የባሌስትራው መያዣ ከለቀቀ ወይም ሻንሲው ላይ የተለጠፈ ብየዳ ካለ በየትኛውም ዋጋ ይተዉት። ቱቦዎች፣ ቀበቶዎችና ደፉ ብቻ ከሆኑ ሊጠገኑ ይችላሉ። ነገር ግን ዋጋውን ከጋራዥ በጽሑፍ አምጥተው ከመሸጫው ይቀንሱ፤ የዛገ ቡሎን እየተሰበረ ሥራውን ስለሚያረዝመው በቃል የተነገረ ግምት ሁልጊዜ ያንሳል። ቅርፊት ይዞ ድምፁ ጥሩ ከሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ ዘንድ አንስተው ያስዩት።

ከገዙት በኋላ በረዶው እንዳለቀ ከሥሩ በብዙ ውኃ ያሳጥቡት፣ የሣጥኑ ሻንሲ ውስጥም ውኃ ይግባበት። በመኸር ደርቆ ሳለ ዘይት ነክ ልባስ ያስረጩት፤ ሠራተኛው የሻንሲውንና የበሮቹን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አብሮ እንዳይደፍናቸው ቆመው ይመልከቱ።