ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ደንበኛን ማስተናገድ፦ ከኢንተርኔቱ እስከ ወንበሩ ሒሳብ

ላፕቶፕ ይዞ ካፌ የሚገባ ሰው ምን እንደሚጠጣ ከማሰቡ በፊት ዓይኑ ሶኬት ይፈልጋል። ከዚያ ኢንተርኔቱን ይሞክራል። ቡናው ከጣፈጠው ደስ ይለዋል፤ ግን ከ30 ደቂቃ በኋላ ስብሰባ ያለበት ሰው ከምንም በላይ እርግጠኛ መሆን ይፈልጋል፦ መስመሩ መሐል ላይ አይቆረጥም፣ ባትሪው አያልቅም፣ አስተናጋጁ ድንገት መጥቶ ‹‹ቦታውን ይልቀቁልን›› አይለውም። ጥብቅ ደንብ ያለበትን ቤት ደንበኛ ይለምደዋል፤ ምን እንደሚገጥመው የማያውቅበትን ቤት ግን ይሸሻል።

ኢንተርኔቱ

ውል ሲገቡ የሚነገርዎት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የማውረጃው፣ ማለትም ከኢንተርኔት ወደ እርስዎ የሚመጣው ነው። የቪዲዮ ስብሰባ ግን የመላኪያውንም፣ ማለትም ከእርስዎ ወደ ውጭ የሚሄደውን ያህል ይፈልጋል፤ ጥራት ላለው ምስል ለአንድ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ከ3 እስከ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ይያዙ። 20 ወንበር ኖሮዎት ግማሹ በአንድ ጊዜ ስብሰባ ከገባ 40 ሜጋቢት መላኪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማውረጃው 100፣ መላኪያው 10 የሆነ መስመር ወረቀት ላይ ፈጣን ይመስላል፤ አራተኛው ሰው ካሜራውን ሲከፍት ግን የሁሉም ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የመላኪያውን ቁጥር ለይተው ይጠይቁ። ሲሞክሩትም ጠዋት ባዶ ቤት ውስጥ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ሥር ቆመው አይሁን፤ ቤቱ በሞላበት ሰዓት፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሞክሩ።

‹‹ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ግን አያገናኘኝም›› የሚል ቅሬታ ከበዛ መስመሩን ከመውቀስዎ በፊት ራውተሩን ይዩ። ራውተር ለሚገናኘው ዕቃ ሁሉ አንድ አንድ አድራሻ ያድላል፤ በተለመደው አሠራር ያለው ከ250 ብዙም አይበልጥም፣ በአንዳንዱም ከዚያ ያንሳል። አንዴ የተሰጠ አድራሻ ደግሞ በብዙ ራውተሮች ለ24 ሰዓት ተይዞ ይቆያል። እያንዳንዱ ደንበኛ ስልኩንና ላፕቶፑን ሲያገናኝ ሁለት ይወስዳል፤ ጠዋት ጠጥቶ የሄደው ሰው አድራሻ ሳይመለስ የከሰዓቱ ደንበኛ ይመጣና ባዶ እጁን ይቀራል። በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ‹‹ሊዝ ታይም›› የሚባለውን፣ አድራሻው ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ወደ 1 ወይም 2 ሰዓት ያውርዱት፤ ችግሩ ያለ ምንም ወጪ ያልቃል።

ሌላው የተለመደ ችግር አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲጭን ቤቱ በሙሉ መንቀራፈፉ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የፍጥነት ጣሪያ ያብጁለት፤ ስብሰባ ላይ ላለ ሰው 8 ወይም 10 ሜጋቢት ይበቃዋል። ራውተሩን ባንኮኒ ሥር ወይም ከቡና ማሽኑ ጀርባ አይደብቁት፣ ብረት ሞገዱን ይጋርደዋል። ማይክሮዌቭ ሲሠራ የ2.4 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ ስለሚረብሽ ላፕቶፖች ወደ 5 ጊጋኸርዙ እንዲሄዱ ያድርጉ። የካሸሩ ማሽን ደግሞ ከደንበኞች ኔትወርክ ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ፓስወርዱን ጠረጴዛ ላይ በካርድ ያስቀምጡ። ዜሮና ‹‹ኦ››፣ አንድና ‹‹ኤል›› የሚምታቱበት ከሆነ አስተናጋጁ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳ ይውላል።

ኤሌክትሪክ

የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 100 ዋት ነው። 20 ሰው በአማካይ 65 ዋት ቢወስድ 1300 ዋት ይሆናል፤ 230 ቮልት ባለበት የ10 አምፔር መስመር ይችለዋል። ብሬከር የሚወድቀው የደንበኞች ሶኬት ከቡና ማሽኑ ወይም ከዕቃ ማጠቢያው ጋር በአንድ መስመር ሲሳብ ነው፤ ባለ ሁለት ራስ የቡና ማሽን ብቻውን 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። መስመሩን ያስለዩ። ማራዘሚያ ላይ ሌላ ማራዘሚያ መሰካትም ይቅር፤ መጋጠሚያው እየጋለ እሳት ያስነሳል።

ሶኬቱ ከጠረጴዛው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ወይም ከጠርዙ ሥር ይሁን። መሬት ላይ ከሆነ ሰው ገመድ ይጠልፈዋል፣ ሲወለወልም ውኃ ይገባበታል። ቀኑን ሙሉ የሚሰካና የሚነቀል ሶኬት ውስጡ ይላላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቻርጀር ይዘው እያንዳንዱን ይሞክሩ።

ጠረጴዛና ድምፅ

ዲያሜትሩ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ጠረጴዛ ለስኒ እንጂ ለላፕቶፕ አይሆንም። ለአንድ ሰው ቢያንስ 70 በ60 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ ከ72 እስከ 75፣ የወንበሩ መቀመጫ ከ43 እስከ 46 ይሁን። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ቡናን ኪቦርድ ላይ ይደፋልና እግሩ የሚስተካከል ይግዙ። ይህም ሆኖ መደፋቱ አይቀርም። ሠራተኞች ቅደም ተከተሉን ይወቁት፦ ቻርጀሩን ከግድግዳው መንቀል፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ተጭኖ መያዝ፣ ከፍቶ ኪቦርዱን ወደ ታች ደፍቶ ማቆም። የፀጉር ማድረቂያ ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ለማየት ብሎ መልሶ ማብራትም ቦርዱን ያቃጥላል።

ብርሃን ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው፤ መስኮቱ ከደንበኛው ጀርባ ሲሆን ስክሪኑ ያንጸባርቃል፣ ከፊቱ ሲሆን ዓይኑን ይወጋል፣ ከጎኑ ሲሆን ይስማማዋል።

ስልክና አጫጭር ስብሰባ መፍጫው ያለበት አካባቢ ይሁን፣ ጸጥታ የሚፈልገው ሰው ወደ ውስጥ ይግባ። ብዙ ቤት በተቃራኒው ያደርግና አንድ ተናጋሪ ዐሥር ሰው ይረብሻል። ለረጅም ስብሰባ የተዘጋ ትንሽ ክፍል ከሠሩ አየር ማስወጫ ማራገቢያ ይግጠሙለት፤ አለበለዚያ ሰውየው ስብሰባውን ሳይጨርስ በላብ ተጠምቆ ይወጣል።

የወንበሩ ሒሳብ

ከባዱ ይህ ነው። የቀን ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ተደምሮ 6000 ይሁን፤ 20 ወንበር አለ፣ ቤቱ ለ12 ሰዓት ይከፈታል። ብዙ ባለቤት 6000ን ለ240 ያካፍልና ወንበር በሰዓት 25 ያስወጣል ይላል። ሰው የተቀመጠባቸው ሰዓቶች ግን 60 በመቶው ብቻ ከሆኑ አካፋዩ 144 ነው፤ ወንበሩ በሰዓት ወደ 42 ገደማ ያስወጣል። ከአንድ ስኒ የጥሬ ዕቃው ወጪ ተነሥቶ 40 የሚተርፍ ከሆነ ያ ስኒ የሚሸፍነው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደንብዎን ከዚህ ቁጥር ይነሡ፣ ጎረቤት ካፌ ያደረገውን አይቅዱ።

ገደብ የሚያስፈልገው ሰው ቆሞ ወንበር በሚጠብቅበት ሰዓት ብቻ ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን የተቀመጠ ሰው ምንም አይወስድብዎትም፣ እንዲያውም አላፊውን ይስባል። ስለዚህ ‹‹ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት በአንድ ጠረጴዛ ከ90 ደቂቃ በላይ አንፈቅድም›› ብለው በሩ ላይና ካርዱ ላይ ይጻፉ፤ ሰውየው ሲቀመጥም ይነገረው። ኮምፒውተሩን ከዘረጋ በኋላ የሚነገር ደንብ እንደ ማባረር ይሰማል።

አስተናጋጁ ከጀርባ መጥቶ ስክሪን አጠገብ አይቁም፤ ሰው የሚሠራው ሥራ ምስጢር ሊሆን ይችላል። ማይክሮፎን ይዞ የሚያወራውንም አያቋርጥ። ባዶ ስኒ አንሥቶ ዝም ብሎ መሄድ ‹‹ተነሣ›› ከማለት አይተናነስም። ውኃ አስቀምጦ ‹‹ሌላ ምን ላምጣልዎ?›› ማለት ስኒውንም ያነሣል፣ ትእዛዝም ያመጣል።

ብቻውን የመጣ ሰው ላፕቶፑን ትቶ ባንኮኒ ጋ መሰለፍ ይፈራል። ካለበት ወንበር ማዘዝ እንዲችል ያድርጉ፣ ሒሳቡንም ሲወጣ በአንዴ ይክፈል። መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ‹‹ዕቃዬን እይልኝ›› ቢል ሠራተኛው ምን እንደሚመልስ አስቀድመው ይወስኑ። ጠረጴዛው ላይ የብረት ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት ማስገጠም ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

መብራት ወይም መስመር ሲጠፋ

ራውተሩና የፋይበር መቀበያው ተደምረው ብዙ ጊዜ ከ30 ዋት አያልፉም፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ዩፒኤስ ያቆያቸዋል። ሁለቱም መሰካታቸውን ያረጋግጡ፦ ራውተሩ ብቻ ከተሰካ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። በሲም ካርድ የሚሠራ ተጠባባቂ መስመርም ይኑር፤ ሲም ካርዱ ላይ ጥቅል መኖሩን ግን በየወሩ ይዩ፣ በሚፈለግበት ቀን ባዶ ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው። መስመሩ እንደጠፋ አንድ ሠራተኛ በየጠረጴዛው ዞሮ ምን እንደተቋረጠና ተጠባባቂው ምን ያህል እንደሚችል ይንገር፤ ስብሰባ ያለበት ሰው ካሜራውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ ይቀጥላል፣ ወይም ጊዜ ሳለ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።